በጫማ የማይገባበት ጉድጓድ

ፕሮፌሰር ሶምዳት ካውሺክ ጫማ አውልቀው ይሳለሙት በነበረው መሠዊያ ላይ በፊታቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተፈርክሷል። ደም የነካው አራት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ጡብ አጠገባቸው ወድቋል። ኢንስፔክተር ቢምላ ዳሂያ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮው ጉድጓድ ውስጥ ቁጢጥ ብላ ሬሳውን ከእግሩ ጀምራ ማየት ያዘች። አንጀቷ ለማንም የማይራራ ሴት ናት፤ የሰሜን ሕንዷ የሃሪያና ግዛት ፖሊሶች ከወንጀለኛ ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

«ገዳይዋማ ተገኝታለች፣ ማዳም» አለ ምክትሏ። «ዶክተር ሰልቪን መኪና ውስጥ አስቀምጠናታል። ውጭ ያሉት ስጡንና እንጨርሳት እያሉ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ ዱላ የያዘ የመንደር ሰው ይንጫጫል። እውነተኛው ገዳይ ቶሎ ካልተገኘ ሴትዮዋ በሕይወት ጣቢያ እንደማትደርስ ቢምላ አውቃለች።

የፕሮፌሰሩና የሰልቪ ጠብ የከረመ ነበር። ፕሮፌሰሩ የጥንቶቹን የሐራፓ ከተሞች የገነቡትና የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የሆነውን የቬዳን መዝሙሮች የደረሱት ሰዎች አንድ ሕዝብ ናቸው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟግተዋል። ከደቡብ የመጣችው ሰልቪ ግን ሁለት ናቸው ባይ ናት፤ የሐራፓዎቹ ጡብ፣ የፍሳሽ ቦይና ከተማ እንጂ ፈረስ አልነበራቸውም፣ የቬዳዎቹ ደግሞ በፈረስና በከብት የሚኖሩ፣ ለእሳት የሚሠዉ፣ ከተማ የማያውቁ ነበሩ ትላለች። ክርክሩ በዚህ እንዳለ የፕሮፌሰሩ ልጅ ብሪጄሽ፣ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሐራፓ ጡብ የተሠራ የእሳት መሠዊያና የፈረስ ጥርስ አገኘ። ፕሮፌሰሩ የአንድነታቸው ማስረጃ ተገኘ ብለው በደስታ አለቀሱ፤ ማንም በጫማ እንዳይገባም አዘዙ። «ለምድጃ ጫማ አላወልቅም» ብላ እምቢ ያለችው ሰልቪ ብቻ ነበረች።

አሁን ቢምላ መኪናው ውስጥ ስታገኛት ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ከፖሊሶቹ አንዱ መቷታል።

«ትጠያቸው ነበር?» አለቻት ቢምላ።

«በጣም። ግን ማሸነፍ የፈለግኩት በክርክር ነው። ሞተው ምን ያደርጉልኛል?»

ቢምላ መልሱን ወደደችው፤ ካቴናውን ግን አላስፈታችም። በአቅራቢያው ያለው የሂንዱ ገዳም፣ የአሽራሙ፣ አለቃ ማሃንት ጎፓልናት በቦታው ቤተ መቅደስ ሊያሠሩ አስበው ነበር፤ ጥቂት አልቅሰው ጉድጓዱ ለምእመናን መቼ እንደሚከፈት ጠየቋት። ብሪጄሽን ያገኘችው ቀርከሃ ሲመርጥ ነው። በሂንዱ ሥርዓት አባቱ ሲቃጠሉ ነፍሳቸው እንድትወጣ የራስ ቅላቸውን በቀርከሃ የሚሰብረው እሱ፣ አንድያ ልጃቸው ነው። ሁሉንም አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? ብሪጄሽ፣ ሠራተኛ ሳያስጠጋ፣ ብቻውን መቆፈሩን ራሱም አልካደም።

ሬሳው ለምርመራ ከሄደ በኋላ ሦስቱንም ወደ ጉድጓዱ ጠራቻቸው። ማሃንቱ ጫፉ ላይ የእንጨት ጫማቸውን አወለቁ። ሰልቪ እንደ ልማዷ በጫማዋ ወረደች። ብሪጄሽም አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

«ፕሮፌሰሩ የሞቱት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው» አለች ቢምላ። «በየቀኑ የሚያወልቁ ሰው ዛሬ ለምን በጫማ ገቡ?»

«ረስተው ይሆናል» አሉ ማሃንቱ።

«እርስዎ ደም ያለበት ቦታ ሲገቡ እንኳ አልረሱም። እሳቸው ማመን ስላቆሙ ነው።» ጡቡን በጨርቅ ይዛ ገለበጠችው። ሥሩ ላይ ቢጫ ሣር ተለጥፏል። «ይህን ከመሠዊያው ፈንቅለው ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ጥፍራቸው በአፈር ተሞልቷል። አራት ሺህ ዓመት የተቀበረ ሣር እንዲህ ሆኖ አይቆይም። ጡቡ ሜዳ ላይ ከርሞ ዘንድሮ ነው እዚህ የገባው።»

ማሃንቱ ባዶ እግራቸውን አዩ።

«እርስዎ እስካሁን ያምናሉ፤ ውሸቱን አያውቁም ነበር። ዶክተሯ መሠዊያው ሲገኝ አገሯ ነበረች፤ ደግሞስ አንቺ ነሽ ልክ ሊሏት የተዘጋጁትን ሰው ምን ብላ ትገድላለች? አንተ ግን ብሪጄሽ፣ አባትህ እያሉ ከሁሉ ቀድመህ ታወልቅ ነበር። ዛሬ በጫማህ ወረድክ፤ መሠዊያ አለመሆኑን ማን ነገረህ?»

«ሐዘንተኛ ነኝ፣ ማዳም።»

«ብቻህን የቆፈርከውስ በሐዘን ነው?»

 ብሪጄሽ አባቱ በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለውት እንደማያውቁ፣ መሠዊያውን ራሱ እንደደረደረ፣ ጥርሱንም ከሞተ የጋሪ ፈረስ እንደነቀለ ተናገረ።

«ሳቁብኝ» አለ። «ሣሩን እንኳ ሳታራግፍ ትደረድራለህ? መዋሸትም አልሆነልህ፤ ዛሬውኑ ሰልቪ ፊት እነግራለሁ አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ቢምላ ካቴናውን ከሰልቪ እጅ አውጥታ እሱ ላይ አጠለቀችው። ሰልቪ ክርክሩን አሸንፋለች፤ ግን እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አላነሣትም።

«ማዳም፣ እባክዎ» አለ ብሪጄሽ። «ሌላ ልጅ የላቸውም። አቃጥዬ ልሸኛቸው።»

«እሳቱን ትለኩሳለህ፤ አልከለክልህም» አለችው። «ቀርከሃውን ግን ተወው። የራስ ቅላቸውን ጠዋት ሰብረህ ጨርሰሃል።»