ድስቷ የቆጠረችው ትንፋሽ

አራት የተማሩ ሰዎች ጫካ ውስጥ ሬሳ አገኙ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ያልተማረውን አምስተኛ ሰው ማሰር ሆነ። ያሰሩበት ሰማያዊ ገመድ ዛፍ የሚለኩበትን መሬት የሚከልሉበት ነበር። መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ የደን ጠባቂው ሽማግሌ ዕቃ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው የገዛ ጫማቸውን እያዩ ነበር።

«ማነው ያሰራቸው?»

«ሁላችንም ተስማምተን ነው» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ። ከአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ለአንድ ሳምንት በበጎ ፈቃድ የመጡት የሦስቱ ሠራተኞች አለቃ እሷ ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ «እትዬ ሰርኩላር» ይሏታል፤ ያለ ማስታወቂያ ሻይ እንኳ አታስጠጣም። «ለደህንነት ሲባል።»

«ለማን ደህንነት?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታች።

«ከዚህ ግቢ እንዳይወጡ አባባ።»

«የት እሄዳለሁ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን እያሻሹ።

ጭጋጉ ከዛፎቹ አልወረደም። የጫካውን ጥናት ይመራ የነበረው ዶክተር ሬሳ በድንኳን ሸራ ተጠቅልሎ ፒክአፑ ላይ ተጭኗል። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ሬሳውንም ሽማግሌውንም ይዞ ወደ ከተማ ይወርዳል። ከተማ ከደረሱ በኋላ ምን እንደሚሆን መርማሪዋ ታውቃለች፤ በአንድ በኩል ጥሩ አድርጎ የሚናገር ምስክር፣ በሌላ በኩል የሚናገርለት የሌለው ሽማግሌ ይቆማል። መዝገቡ በሳምንት ይዘጋል። ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ጥሩ አድርጎ የሚናገረው የዶክተሩ ረዳት ነበር። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ከመጠየቁ በፊት ሰዓቶቹን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጽፎ ጠበቃት።

«ዶክተር ስምንት ሰዓት ላይ ብቻቸውን ወጡ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ባትሪ ይዤ ከካምፕ ወጣሁ፤ ሁሉም አይተውኛል። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ድስቷ ጋ ደርሼ ባትሪውን ቀየርኩ። መሣሪያው ራሱ መዝግቦታል። ዶክተር እዚያ አልነበሩም። አሥር ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ስለነበር ሁላችንም ካርታ ስንጫወት ቆየን። ውጭ የነበሩት አባባ ብቻ ናቸው።»

«ድስቷ ምንድን ናት?»

«የአፈር ትንፋሽ መለኪያ ናት። በጎ ፈቃደኞቹ ያወጡላት ስም ነው» አለ፤ ስሙን እንዳልወደደው ፊቱ ያስታውቃል። «ሬሳው የተገኘው አጠገቧ ነው።»

«ሽማግሌው ለምን ይገድሉታል?»

«ከትናንት ወዲያ ዶክተር ጮኸውባቸው ነበር፤ በሰው ፊት። አባባ ደግሞ ኩሩ ናቸው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ማንንም አልከስም። ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ሽማግሌውን ስትጠይቃቸው ጭቅጭቁን አልካዱም።

«ተቆጣኝ፤ እውነት ነው። መሣሪያዋ ጋ አትጠጋ፣ ትንፋሽህ ያበላሽብኛል አለኝ። ትንፋሽ ምን ያበላሻል ብዬ ሳቅሁ፤ እሱም ጮኸ። ከዚያ በኋላ አልጠጋም አልኩት። አለቀ።»

«ትናንት በዚያ አላለፉም?»

«በታችኛው መንገድ አልፌያለሁ። ዝናቡ ሲጀምር ነው። ከሥር ሆኖ ላይኛው አይታይም።»

«ምንም አልሰሙም?»

«ምን እሰማለሁ? መሣሪያዋ እንደ ልማዷ ትተነፍሳለች። ሌላ ነገር የለም።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው ገና አታውቅም ነበር።

ወደ ቦታው የወሰደቻት ሬሳውን ያገኘችው በጎ ፈቃደኛ ልጅ ናት፤ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ከማለት ብዛት ባልደረቦቿ «አቤት» ይሏታል። ሃያ ደቂቃ በእግር ነው። መንገዱ ላይ ቅጠል እንጂ አፈር አይታይም፤ የገዛ እርምጃቸው ድምፅ ከኋላ እንደሚከተል ሰው ነበር። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

«ማንም የለም» አለች መርማሪዋ።

«አውቃለሁ። እኔ የምዞረው ሰው ኖሮ አይደለም፤ እዚህ ጫካ ከገባሁ ጀምሮ ዝም ብሎ አንገቴ ይዞራል።»

ቦታው ከአንድ ሰው ቁመት የማይበልጥ ገደል ሥር ነው። ድንጋዮቹ ላይ ደሙን ዝናቡ አጥቦታል። ከድንጋዮቹ አንድ ክንድ ርቆ ክብ፣ ነጭ፣ ክዳኑ የተከፈተ ነገር መሬት ውስጥ ተተክሏል፤ ቁርጥ ድስት። በትንሿ መስኮቷ ላይ ቁጥር ይታያል፤ 412።

«አፈር ይተነፍሳል» አለች አቤት። «ሥሩም፣ ውስጡ ያሉት ተሐዋስያንም ጋዝ ያወጣሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኗ ይገጥማል፣ ሦስት ደቂቃ ትለካለች፣ ትከፈታለች። ጫካው በሙቀት ምክንያት ከድሮው አብልጦ ይተነፍስ እንደሆን ለማወቅ ነው።»

መርማሪዋ ቁጥሩን ለማንበብ አጎነበሰች።

«ኧረ ትንፋሽዎን!» አለች ልጅቷ።

ቁጥሩ ዘለለ፤ 580፣ 760፣ 905።

«ይቅርታ፣ የለመደብኝ ነው። ሰው ከተጠጋ እንዲህ ትሆናለች። መጀመሪያ ቀን አስራ ሦስት ጊዜ አበላሽተንባቸዋል። ዶክተር ‹እናንተ የመጣችሁት ዛፍ ልትረዱ ነው ወይስ ልትተነፍሱባት?› አሉን።» ሳቀች፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «ትናንት ቢዘገዩብን ልንፈልጋቸው ወጥተን ሳገኛቸው… እጮሃለሁ፣ ሌሎቹም ሮጠው መጡ፣ ሁላችንም እላያቸው ላይ ነን። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ድስቷ ጠቅ ብላ ክዳኗን ገጠመች። እኛ እናለቅሳለን፣ እሷ ሥራዋን ትሠራለች። ሌሊቱን ሙሉ የሰማሁት እሱን ነው። ጠቅ።»

«ዶክተሩ ትናንት ጠዋት ምን ይመስል ነበር?»

«ዝም ብለው ነበር። በኔ ምክንያት መሰለኝ። ዛፎቹን ስለካ ከዓምናው ቀጥነው አገኘኋቸው። አንድ ሁለቱ ሳይሆኑ አስራ አንዱም። ረዳቱ ‹ዛፍ ዳይት ጀመረ?› ብሎ ሳቀብኝ፤ ዓምና የለካው እሱ ነው። ዶክተርም ሜትር አያያዝ አታውቂም አሉኝ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ሰው ሲሰድበኝ ፈገግ ማለት ነውና ፈገግ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

ልጅቷ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ከምሳ በኋላ ትራሴ ሥር አገኘሁት። ራሳቸው ሄደው እንደገና ለክተዋል።»

ከአስራ አንዱ ቁጥሮች ጎን በቀይ እስክሪብቶ አስራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ልክ ነሽ። ልክ ነሽ። ልክ ነሽ።

ጠቅ አለ። ሁለቱም ዘለሉ። ክዳኑ ገጥሞ ድስቷ መተንፈስ ጀመረች፤ ጉሮሮው ውስጥ ነገር የያዘው ሰው እንደሚተነፍስ ዓይነት ድምፅ። መርማሪዋ ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት። ሦስት ደቂቃ ቆጠረች። ድስቷ ጸጥ አለች።

«ከዚህ ውጪ ድምፅ የላትም?»

«እስከ አራት ተኩል የላትም።»

ካምፕ ስትመለስ ሁለት ነገር ጠየቀች። ከረዳቱ የትናንቱን የድስቷን ሠንጠረዥ ፈለገች፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ንጹሕ አድርጎ አትሞ ሰጣት። ከሦስተኛው በጎ ፈቃደኛ፣ «ፓስወርድ» ከሚሉት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የዝናቡን መዝገብ ተቀበለች። ዝናቡ የጀመረው ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከዚያም ፓስወርድን ወደ ጥግ ወስዳ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ ወደ ጫካው ወጣ። ሲመለስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሾፌሩ ከውጭ የመኪናውን ሞተር አስነስቷል። ሽማግሌው በር አጠገብ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«አንድ ሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ የት እንደነበራችሁ እንድጠይቅ ፈልጓል» አለች መርማሪዋ። «ዘጠኝ ከአርባ ላይ ዶክተሩ እዚያ ካልነበረ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከአባባ በስተቀር ሁላችሁም አንድ ላይ ናችሁ። ጥሩ ነው። ግን የቆመው በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ ነው።»

«ባትሪ መቀየሬን መሣሪያው መዝግቦታል» አለ ረዳቱ።

«መዝግቦታል። እዚያ መሄድህን አልጠራጠርም።» ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይሄ የትናንቱ ነው፤ አንተ የሰጠኸኝ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ቁጥሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ከአራት መቶ ፈቀቅ አይልም። ያምራል። እትዬ፣ ሬሳው አጠገብ ስንት ሆናችሁ ነው ያለቀሳችሁት?»

«አምስት» አለች እትዬ ሰርኩላር። «አባባም ጩኸቱን ሰምተው መጥተው ነበር።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክዳኑ ሲገጥም?»

«አምስታችንም እዚያው ነበርን።»

«እኔ ብቻዬን ባጎነብስ ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ገባ። አምስት ሰው እየጮኸ እላይዋ ላይ ሆኖ ድስቷ አራት መቶ አስራ አንድ ትላለች።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «ይህ ቁጥር ውሸት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚደበቅ ነገር አልነበረም፤ አንተ ግን ሌሎቹን ስታጠራ እሱንም አጠራኸው። ልማድ ነው። የተበላሸ ቁጥር ስታይ እጅህ አይታገስም።»

ረዳቱ መነጽሩን አወለቀ። «የሰው ትንፋሽ የገባበት ቁጥር መውጣት አለበት። አሠራሩ ነው።»

«ስለዚህ ሌሎቹ ላይም የሰው ትንፋሽ ነበረ ማለት ነው። የማን?»

ፓስወርድ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ።

«ድስቷ ሆዷ ውስጥ የአንድ ወር ቁጥር ታስቀምጣለች» አለ። «እሱ ያጠራው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅጂ ነው።» ወረቀቱን አነበበ። «ስምንት ሰዓት፣ አራት መቶ አስር። ስምንት ተኩል፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ስምንት መቶ ስልሳ። ዘጠኝ ተኩል፣ ስምንት መቶ አስር። አሥር ሰዓት፣ አምስት መቶ ሰባ።» ቆመ።

«ጨርሰው።»

«አሥር ተኩል፣ አራት መቶ አስራ ሁለት።»

አቤት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከአሥር እስከ አሥር ተኩል ካርታ ስታሸንፍ ነበር፤ እንዴት እንደሳቀችም ታስታውሳለች።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የሁለት ሰዎች ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአንድ ሰው» አለች መርማሪዋ። «ዶክተሩ የዓምናውን ቁጥርና የልጅቷን ቁጥር ይዞ ወጥቷል፣ አንተ ተከትለኸዋል። ዛፍ አይከሳም። ዓምና ጫካው ውስጥ አልገባህም፤ ካምፕ ተቀምጠህ ቁጥር ፈጠርክ። ይህን ነው የነገረህ። ስምንት ተኩል ገደማ ከገደሉ ወደቀ። በጎ ፈቃደኞቹ ያን ጊዜ ዛፍ እየለኩ ስለነበር ካምፕ ውስጥ ማንም የለም፤ መመለስህን ያየህ የለም። ከዚያ ዘጠኝ ሃያ ላይ ባትሪ ይዘህ ሁሉ እያየህ ወጣህ።»

«ሞቷል ብዬ ነበር» አለ ረዳቱ።

«ዘጠኝ ከአርባ ላይ ግን አልሞተም ነበር።»

ረዳቱ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«አንድ ክንድ ርቆ እየተነፈሰ ባትሪ ቀየርክ።»

«ሦስት ዓመቴ ነው!» አለ ረዳቱ፤ ጩኸቱ እሱንም አስደነገጠው። «ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ጭቃ ውስጥ… መመረቂያ ጽሑፌን ሊሰርዘው ነበር። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ስመለስ ዓይኑ ክፍት ነው። አየኝ። አንድ ነገር ቢናገር ኖሮ… አልተናገረም። ዝም ብሎ ይተነፍሳል።»

«አንተስ?»

«ባትሪው ሊያልቅ ነበር» አለ።

መርማሪዋ ሾፌሩን ጠራች። ረዳቱን ለመያዝ ሰማያዊውን ገመድ ያነሳ አልነበረም፤ ራሱ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ፣ ከሸራው ፊት ለፊትም ተቀመጠ።

እትዬ ሰርኩላር ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። «አባባ፣ በድርጅታችን ስም ይቅርታ…»

ሽማግሌው አልሰሟትም። መርማሪዋን ነበር የሚያዩት።

«ልጄ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የተነፈሰው?»

«እስከ አሥር ሰዓት። ምናልባት አልፎም።»

«እኔ በሥር ያለፍኩት ዝናቡ ሲጀምር ነው።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ያን ጊዜ ድስቷ ትሠራ ነበር?»

መርማሪዋ የጻፈችውን አስታወሰች፤ መሣሪያዋ እንደ ልማዷ ትተነፍሳለች። መዋሸት ትችል ነበር። ለአሥር አሥር ጉዳይ ድስቷ ምን እንደምትሠራ ከእሷ ሌላ የሚነግራቸው የለም።

«ድስቷ የምትሠራው በየግማሽ ሰዓቱ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የመንገድ አቅጣጫ እንደተነገረው ሰው።

«አትጠጋ አለኝ» አሉ። «አልጠጋም አልኩት።»

ኮፍያቸውን አደረጉ። ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።