መጋረጃ ሰፊዋ ያዘገየችው መንኮራኩር

በ፲፰፻፹፰ ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር አንድ ቀን፣ ከወንዙ ማዶ በተዘረጋው የኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ፣ ቁመቱ ከከተማይቱ ግንቦች ሁሉ የሚበልጥ፣ ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ የሚያዞር የብረት መንኮራኩር ቆሞ መክፈቻውን ይጠባበቅ ነበር። የመጀመሪያው ግዙፍ መንኮራኩር በሩቅ አገር ተተክሎ ሰውን ሁሉ ካስደመመ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ከተሞች በፉክክር ተይዘው፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ከዚያ የሚበልጥ ካላቆምሁ ሞቼ እገኛለሁ ትል ጀመር። ይህችም ከማን አንሼ ብላ ገባችበት፤ ክቡር ከንቲባውም በማግስቱ በሦስት ሰዓት የመጀመሪያው ተሳፋሪ እንዲሆኑ ቀን ተቆርጦ ነበር።

መንኮራኩሩን ቀጥ አድርገው የያዙት ከመሐሉ እስከ ዙሪያው የተወጠሩ መቶ ስድሳ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነበሩ። እነርሱን የሚመረምረው ሠራተኞቹ «ባለ ጆሮው» የሚሉት ሽማግሌ ብረት ሠሪ ነው፤ እያንዳንዱን በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠውን ያልፋል፤ የደነዘዘውን ብሎኑን ያጠብቃል። እርሱ «ደህና ነው» ካለ ዋናው መሐንዲስ እንኳ ደግሞ አይጠይቅም ነበር።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊ የሆነችው ሴት ልጁ፣ ለተሳፋሪ በመንኮራኩሩ ዙሪያ ከተንጠለጠሉት ፉርጎዎች በመጨረሻው ውስጥ ቆማ የሰፋችውን መጋረጃ ትሰቅል ነበር። አባቷ በአጠገቧ አንዱን ዘንግ መታ፤ ዘንጉ እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ሽማግሌው ግን አለፈው። ቀጥሎ ያለውም ድፍን አለ፤ እርሱንም አለፈው። ልጂቱ ደነገጠች፤ መቀሷን አንሥታ ከጀርባው ሁለት ጊዜ ከብረቱ ጋር አጋጨችው። አልዞረም።

«አባባ» አለችው ከፊቱ ቆማ፣ ጮክ ብላ፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰሙት?»

ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ቁጣው ከዳው። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ» አለ። «አርባ ዓመት መዶሻ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ምን ይሁን ብለሽ ነው? እጄ ያውቀዋል ብዬ ነበር እኮ።»

«ነገ ሰው ይሳፈርበታል።»

«አውቃለሁ! ባለ ጆሮው ደንቆሮ ነው ከተባለ ምን ይዤ እኖራለሁ? ያለኝ እኮ ስሜ ብቻ ነው።»

«ስምዎን ማንም አይነካውም። ዘንጉ ግን ሁሉም እንደገና ይመታል፤ እኔ እሰማለሁ፣ እርስዎ ያጠብቃሉ።»

መቶ ስድሳውን ለማዳረስ መንኮራኩሩ በእንፋሎት ሞተሩ ቀስ እየተባለ መዞር ነበረበት፤ ይህም ያለ መሐንዲሱ ፈቃድና ያለ ሦስት ቀን ጊዜ የሚሆን አልነበረም። ወደ መሐንዲሱ ቢሮ አብረው ገቡ፤ እውነቱንም የተናገረው ሽማግሌው ራሱ ነው።

መሐንዲሱ ፊቱ አመድ መሰለ። «ለከንቲባው ምን ልበላቸው? ዘንጉ ላልቷል ብል ከእንግዲህ ማን ይሳፈራል?»

«መጋረጃው አላለቀም ይበሏቸው፣ ጌታዬ» አለች ልጂቱ።

«አልቆ ተሰቅሏል እኮ!»

«አሁኑኑ አወርደዋለሁ።»

«ልጄ፣ ስምሽ ይጠፋል። ሥራ የሚሰጥሽ አታገኚም» አላት መሐንዲሱ።

«እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ሌላ ስም አወጣለሁ። አባቴ ግን ለዚያ ጊዜ የላቸውም።»

መጋረጃው ወረደ፣ መክፈቻውም ተላለፈ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ዕረፍት ተሰጣቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እርሷ እየመታች፣ እርሱ እያጠበቀ፣ ከዘንግ ወደ ዘንግ ሄዱ። ሃያ ሦስት የላሉ ዘንጎች ተገኙ፤ ዘጠኙ ጎን ለጎን ነበሩ። ጋዜጦቹ «የከተማችን ክብር በአንዲት ሰነፍ መጋረጃ ሰፊ መርፌ ላይ ተንጠለጠለ» ብለው ተሳለቁ፤ እርሷም ሁለት ዓመት ያህል በየልብስ ሰፊው ቤት ደጅ ጠንታ የሚቀጥራት አጣች። ሽማግሌው ባለ ጆሮው እንደተባለ ሞተ፤ በቀብሩ ላይ መሐንዲሱ ስለዚያ ጆሮ ረዥም ንግግር አደረገ፤ ልጂቱ አለቀሰች እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

መንኮራኩሩ አንድም ሰው ሳይጎዳ ሃያ ዓመት ዞሮ፣ በመጨረሻ ተፈታትቶ ለብረታ ብረት ነጋዴዎች ተሸጠ። ታሪክ የወደቀውን ይቆጥራል፤ ሳይወድቅ የቀረውን ማን ይጠይቀዋል? በከተማይቱ መዝገብ ውስጥ የመሐንዲሱ ምስል፣ የከንቲባው ንግግርና የመንኮራኩሩ ቁመት እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ እርሷን የሚመለከተው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «መክፈቻው በመጋረጃ ሰፊዋ ስንፍና ምክንያት ሦስት ቀን ዘገየ» ይላል።