ያልተመዘገበ ጭልፋ

«ዘይቱ ስንት ማንኪያ ነው?»

ለምግብ ቤቱ አብሳይ ለዙል በሕይወቴ መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል ይሄ ነው። ቀትር ላይ ነበር፤ ከኋላዬ አሥር ሰው ተሰልፏል፣ የከተማችን የኩቺንግ ሰማይ እንደ ልማዱ ዝናቡን ሊለቀው ደርሷል፣ እኔ ስልኬን ከፍቼ ካሎሪ ልመዘግብ ቆሜያለሁ።

ጭልፋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «የቱ ዘይት?»

«የዱር ጎመኑ የተጠበሰበት ነዋ!»

«በግምት ነው።»

«ግምት ስንት ማንኪያ ነው?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ልትበዪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትመረምሪ?» አሉኝ። ፊቴ እንደ ሚጥሚጣ ቀላ። ምግቤን ሳልቀበል ወጣሁ፤ እስከ ስፖርት አዳራሹ ድረስ ራሴን እየሰደብኩ ሄድኩ።

በእኔ አትፍረዱ። ሱራያ እባላለሁ፣ ክብደት አንሺ ነኝ። የምወዳደረው በሃምሳ አምስት ኪሎ ምድብ ነው፤ ከሃምሳ አምስት ትንሽ እንኳ ካለፍኩ መድረኩ ላይ አልወጣም። የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ሃያ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፣ እኔ ደግሞ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ላይ ነኝ። የተከራየኋት ክፍል ምድጃ አይገባባትም። ስለዚህ የምበላው ሁሉ ሰው የሠራው ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ምግብ የሚሠራ ሰው ለክቶ አያውቅም። ዘይቱንም፣ ስኳሩንም፣ የኮኮናት ወተቱንም በዓይኑ ነው የሚጨምረው። «ስንት ነው?» ብለህ ብትጠይቀው እንደተሳደብክ ይቆጥረዋል።

በማግስቱ ረሃቤ ኀፍረቴን አሸነፈውና ተመልሼ ሄድኩ። ገና ከበሩ ሳልገባ ዙል አየኝ።

«የዘይቷ ልጅ! ነይ፣ ሰልፍ አትያዢ፤ ያንቺ ለብቻው ተጠቅልሏል።»

በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ምግብ ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ሩዝ 150 ግራም። ዓሣ 90። ዘይት አንድ ማንኪያ፣ ወላሂ አንድ ብቻ።»

«በምን መዘንከው?»

«አባቴ አላህ ይዘንለትና ቁንዶ በርበሬ ነጋዴ ነበር። ሚዛኑ አልጋ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ቀሰቀስኩት።»

ሴት ልጅ አበባ ሲሰጧት ደስ ይላታል ይባላል። እኔ ግን አንድ ወንድ ዓሣ መዝኖ ቢሰጠኝ ጥቅሉን እንደ አበባ ታቅፌ ወጣሁ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይመዝንልኝ ጀመር። በትንሽ መጥበሻ ለብቻዬ ይጠብስልኛል፣ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። «ሩዝ 140። ዶሮ ያለ ቆዳ 110። ትናንት ለምን አልሳቅሽም?» እኔም ወረቀቱን ጠርጌ በጀርባው ጽፌ አሳየዋለሁ፦ «ትከሻዬን አሞኝ ነው።» በማግስቱ፦ «ዓሣ 100። ዝንጅብል ጨምሬያለሁ፤ ለትከሻ ነው፣ አትመዝግቢው።» ወረቀቶቹን ሁሉ ትራሴ ሥር አስቀመጥኳቸው። ክፍሌ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ግድ አልሰጠኝም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እናቱ ማክ ካልሶም ናቸው፤ «ማክ» በእኛ ዘንድ እማማ ማለት ነው። እጃቸው ይጣፍጣል ተብሎ ከወንዙ ማዶ ድረስ ሰው በጀልባ ይመጣላቸዋል። ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጠው ልጃቸው በሚዛን ሲታገል እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

«ኧረ ዙል! ምግብ ነው የምትሠራው ወይስ መድኃኒት?»

«ልጅቷ ውድድር አለባት፣ ማክ።»

«ውድድሩስ ይሁን። ጉንጯን የት ጣለችው?»

እኔ አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ፣ ዙል ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ሲቀላ ማየት እንዴት እንደምወድ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

በአሥር ቀን ውስጥ ሃምሳ አምስት ከስምንት መቶ ገባሁ። አሰልጣኝ ሊንግ፣ እሱ ሰውን ማመስገን እንደ ጥርስ መነቀል የሚከብደው ሰውዬ፣ «ደህና ነው» አለኝ። እየዘለልኩ ሄጄ ለዙል ነገርኩት። እሱም ከእኔ ጋር ዘለለ፤ ጭልፋውን እንደያዘ!

ከዚያ ኪሎዬ ቆመ።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ስልኬ ላይ ያለው ሒሳብ ልክ ነው፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ውድድሩ ስድስት ቀን ሲቀረው ጭራሽ ሃምሳ ስድስት አሳየኝ። አሰልጣኝ ሊንግ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ሱራያ፣ ተደብቀሽ ምን ትበያለሽ?»

«ምንም! የተመዘነ ብቻ!»

«እንግዲያው መዛኙን ጠይቂው። ቅዳሜ ኪሎሽ ካልወረደ በአንቺ ቦታ ተጠባባቂዋ ጃሲንታ ትገባለች።»

ሰባት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። አባቴ ሳይፈቅድልኝ፣ ጎረቤት «ሴት ልጅ ብረት ትሸከማለች?» እያለ የለፋሁበት። እንደ እሳት እየነደድኩ ወደ ምግብ ቤቱ ሄድኩ፤ ዙል የዕለቱን ጥቅል ሲሰጠኝ ሰልፈኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«ዋሽተኸኛል!»

«ምን?»

«ቁጥሮችህ ውሸት ናቸው! ስትጽፍልኝ እያመንኩህ... ይሄን ያህል ቂል መሰልኩህ?»

ዙል ክው አለ። ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየኝ። «ሱራያ፣ አንዲት ግራም ብዋሽ እጄን ይቁረጠው» አለ በቀስታ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማክ ካልሶም ከጓዳው በር ብድግ ብለው መልሰው ተቀመጡ። እኔ ወጣሁ።

አምስት ቀን በሻይ ማፍያዬ እንቁላል እየቀቀልኩ በላሁ። ብረቱ ከበደኝ። ከብረቱ ይልቅ ግን ቀትር ሲሆን ነበር የሚከብደኝ። ናፍቆኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ማክ ካልሶም ቆመዋል። ትልቁን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ አንድ ጥቅል ይዘዋል። ዙል ከኋላቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል፤ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም።

«ልጄ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ» አሉኝ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ምን አሉኝ፣ ማክ?»

«ጉንጭሽ ሲጎድል አላስችለኝ አለ። እሱ መዝኖ ሲጠቀልል ዞር እስኪል እጠብቅና፣ ፈትቼ ከሩዙ ሥር አንድ ጭልፋ የኮኮናት ወተት እጨምርበታለሁ። ወፍራሙን ነው። በየቀኑ።»

ዙል ተናገረ። «ባትመጪም በየቀኑ እጠቀልልልሽ ነበር። ትናንት ጥቅሉን መልሼ ብመዝነው ሰማንያ ግራም ተርፎ አገኘሁት። እናቴን ያዝኳት።»

ያ ሩዝ፣ ያ አፍ ውስጥ የሚቀልጥ ሩዝ! እኔ እኮ የሚጣፍጠኝ ፍቅር ይዞኝ መስሎኝ ነበር! ሳቄ መጣ፣ ዕንባዬም መጣ፣ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

«ዙል፣ ሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።»

«መጀመሪያ ተመዘኚ» አለ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ማክ ካልሶም ጥቅሉን ዘረጉልኝ። ከሚዛን በፊት እህል አይቀመስም። በእኛ ዘንድ ደግሞ የተዘረጋ ምግብ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ክፉ ነገር ይከተላል፤ መብላት ካልቻልክ በጣትህ ትነካዋለህ። ጣቴን ሰድጄ ጥቅሉን ነካሁት። ትኩስ ነበር።

«ነካሁ፣ ማክ። ያዙልኝ፣ እመለሳለሁ።»

ገባሁ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሃምሳ አምስት ኪሎ ከሃምሳ ግራም።

ሃምሳ ግራም! አንድ እንቁላል! መዛኟ ሰዓቷን አየች። «አርባ ደቂቃ አለሽ።»

ወጥቼ «ሃምሳ ግራም!» ብዬ ጮህኩ። ሁለት ሹራብና የዝናብ ካፖርት ደረብኩ፣ የአዳራሹን ደረጃ መሮጥ ጀመርኩ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ስዞር ዙል አጠገቤ ይሮጣል፣ ሽርጡ እየተውለበለበ።

«አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እኔም ላላብ ነዋ! ብቻሽን ለምን?»

«ያንተ ላብ አይቆጠርልኝም!»

«አትመዝግቢው!»

ማክ ካልሶም ከታች ሆነው «ሩጪ ልጄ! ያ የኔ ጭልፋ ነው፣ አውጪው!» ይላሉ። አሰልጣኝ ሊንግ ሳይቀር ሲስቅ አየሁት። እየሳቅኩ፣ እያለከለክሁ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ።

አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ አለና ረጋ። ሃምሳ አራት ከዘጠኝ መቶ ሰማንያ።

እልልታዬ በር አልፎ ወጣ። እየሮጥኩ ሄጄ ጥቅሉን ከማክ ካልሶም እጅ ተቀበልኩ። ወረቀቱ ላይ የዙል ጽሑፍ አለ፦ «ሩዝ 150። ዶሮ 120።» ከሥሩ በተንጋደደና ባልለመደ እጅ ተጽፏል፦ «የኮኮናት ወተት፣ አንድ ጭልፋ።»

ስልኬን አላወጣሁም። ግማሹን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በላሁ፣ ግማሹን ለዙል አስያዝኩት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሼ ስቀበለው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር። በመጨረሻው ሙከራ ዘጠና ስምንት ኪሎ አናቴ ላይ ቀጥ አድርጌ ቆምኩ፤ ከአዳራሹ ጩኸት መሃል የሰማሁት የአንድ ሰው «የዘይቷ ልጅ!» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ግን እጎርሳለሁ።

«ማክ፣ ለደንበኛው ሁሉ እንደዚህ ይጨምራሉ?»

«ለደንበኛ?» ማክ ካልሶም ተቆጡ። «የኮኮናት ወተት ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? ለምራቴ ነው እንጂ!»

«ማክ!» አለ ዙል።

«ምን ማክ ማክ ትለኛለህ? አንተ ዓሣ ስትመዝን ልታረጅ ነው። በል ጠይቃት!»

ዙል ተንበረከከ ማለት ይከብዳል፤ ሽርጡ አደናቀፈውና አጠገቤ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። «ሱራያ... በግምት እንኳን ቢሆን... ትፈልጊኛለሽ?»

መልስ ልሰጠው ፈለግሁ፤ አፌ ግን በእናቱ ሩዝ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ደጋግሜ ነቀነቅኩ፤ የቀረችውንም ጉርሻ ጠቅልዬ እኔው በእጄ አጎረስኩት።