ሃያ አራት ሚሊሜትር

«ይሄንን ልውሰደው ወይስ ልተወው?» አለች ያለምወርቅ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አንጠልጥላ።

እየሩስ የዩኒፎርሙን እጅጌ ዳሰሰች። ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ልትቀጠር የምትሄድ ልጅ ዩኒፎርም ምን ያደርግላታል? የሰባተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

«ተይው» አለች በመጨረሻ። «ስትመለሺ ትለብሽዋለሽ።»

«ስመለስ? ያኔማ ክርኔንም አያስገባ!» ያለምወርቅ ዩኒፎርሙን መደቡ ላይ ወረወረችው። የቀረው ልብሷ አንድ ፌስታል እንኳ አልሞላም። አፉን ቋጠረችና ተነፈሰች። «ሁሉም ያ ታረቀኝ ያመጣብን ጣጣ ነው። ‹ዝናቡ ገብቷል፣ ዝሩ› ብሎ እናቴ በጓን ሸጣ የገዛችውን ዘር አስፈጃት። እግዜር ይይለት!»

እየሩስ ዩኒፎርሙን ከመደቡ አንሥታ ማጣጠፍ ጀመረች። ታረቀኝ አላጠፋም። ያጠፋችው እሷ ናት፤ ይህንን ደግሞ ከእሷና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምቱ በመሃል ጥሎ ሄደና አዝመራው ባዶ ቀረ። ስለዚህ ዘንድሮ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ታረቀኝ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተከለ። አናቱ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ የሆነ ጣሳ ነው። «የድሮ ዝናብ ቀኑን ያውቅ ነበር፣ የዛሬው ግን ቀን ስቷል። እንግዲህ እየለካን ነው የምንዘራው» አለ ለገበሬው። ሕጉ ቀላል ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን ማንበብ፣ መዝገብ ላይ መጻፍ፣ ከዚያ መድፋት። በአንድ ቀን ከሃያ ሚሊሜትር በላይ ከዘነበ መሬቱ ጠጥቷልና በቆሎ ይዘራል፤ ካልሆነ ይጠበቃል። ለዚህ ሥራ ከተማሪው ሁሉ የተመረጠችው እየሩስ ናት። አባቷ አበረ ሰንበቴ ላይ ሳይቀር አወራላት እኮ!

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ዓርብ ዋለ። እየሩስ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ እናቷ ወለተ ሥላሴ በሩ ላይ ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«መለኪያውን ላነብ።»

«በገብርኤል? ወይ ጉድ! ገበሬው እንኳ ሞፈር በማይነካበት ቀን አንቺን ውሃ ስፈሪ ብሎ ማን አዘዘሽ? በረዶ ልታስወርጂብን ነው? ግቢ!»

ገባች። ቅዳሜም ሰንበት ነው ተባለች፣ እሑድ ደግሞ ሃያ አንድ፣ የግንቦት ማርያም ነበረች። ሰኞ ጠዋት ሮጣ ስትደርስ ሃያ አራት ሚሊሜትር ውሃ ጠበቃት። በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ ካፊያ ነገር ይጥልና ቀን ፀሐይዋ መልሳ ትልሰው ነበር። የመሬቱን ላሰችው፤ የጣሳውን ግን አላገኘችውም፣ ጣሳው የአራቱን ቀን ጠብታ አጠራቅሞ አስቀመጠው።

መዝገቡ ላይ ሦስት ባዶ መስመር አፍጥጦ ሲያያት እየሩስ አፈረች። ታረቀኝ «አንድም ቀን እንዳታሳልፊ፣ አደራ!» ብሏት ነበር። ስለዚህ በሦስቱ መስመሮች ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ጻፈች፤ ሰኞ ላይ ሃያ አራት። ክፋት አስባ አይደለም። ውሃው ያው ውሃ ነው አለች በልቧ። ታረቀኝ ለስልጠና ማርቆስ ሰንብቶ በዚያው ቀን ሲመለስ መዝገቡን አየ፣ ፊቱ በራ፣ ከቤት ቤት እየዞረ «ዝሩ!» አለ።

አባቷ ማሳው ላይ ተንበርክኮ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ።

«ከላይ ነው እንጂ ከሥር ደረቅ ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ራስሽ ነሽ የለካሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በቃ! ከእኔ ጣት ያንቺ ቁጥር ይበልጣል» አለና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዘሩን አወረደ። ባል የሌላቸውን ጎረቤታቸውን፣ የያለምወርቅን እናት እትዬ ሥራነሽንም «ልጄ ለክታዋለች፣ አይፍሩ» ብሎ በገዛ በሬዎቹ አረሰላቸው።

በቆሎው በቀለ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ ሲነኩት የሚፈረፈር ሆነ። ዘሩ የከሰመበት ገበሬ ሁሉ ታረቀኝን መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበት ጀመር።

አሁን ሁለቱ ልጆች ፌስታሉን ግራና ቀኝ ይዘው በይጁቤ አድርጎ ወደ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመዋል። እትዬ ሥራነሽ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ተሰናብተው ቀርተዋል፤ እግሬ አልሸከም አለኝ ብለው።

«ምን መሬት መሬት ታያለሽ? አታካብጂ እንጂ፣ ማርቆስ እኮ እዚሁ ናት» አለች ያለምወርቅ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«ያለም፣ እኔ...»

ሚኒባሱ ክላክሱን እየነፋ ደረሰ። ረዳቱ ፌስታሉን ነጥቆ ወደ ውስጥ ወረወረው።

«ምን? አንቺ ምን?»

«በደህና ግቢ።»

አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችው። እንዲያው ምን ነበረበት ብትናገር? ራሷን ጠላችው።

ስትመለስ ታረቀኝ በቢሮው ደጃፍ አንድ ጆንያ ዘር ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል።

«ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ነው» አላት ጆንያውን እየመታ። «የደረቀውን በቆሎ ገልብጠው በዚህ ሳምንት መሬቱን ማረስ ከጀመሩ፣ ዓመቱን የሚያወጣቸው ነገር ያገኛሉ። ነገ ከሚካኤል ቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ግን ማን ይሰማኛል? አንዴ አስፈጅቻቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ...»

«መዝገቡን አሥር ጊዜ አየሁት፣ ስህተቱ አልታየኝም። ምናልባት መለኪያው ለዚህ አገር አይሆንም ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እነቅለዋለሁ።»

«መዝገቡን ይዤው ልሂድ?» አለች።

«ውሰጂው። ምን ይሠራልኛል?»

በማግስቱ ሰኔ ሚካኤል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ታረቀኝ ስለ ጤፉ ተናገረ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ተነሡ።

«ልጄ፣ ባለፈው አምነንህ ያለንን ዘር አፈር አብልተናል። ሁለተኛ አንታለልም። ጆንያህን ይዘህ ሂድ።»

«እውነት ነው!» አሉ ሌሎቹ፤ አንዳንዶቹ መነሣት ጀመሩ።

እየሩስ ከሴቶቹ መሃል ሆና አባቷን ፈለገችው። ከወንዶቹ ጀርባ ለብቻው ተቀምጧል። አቀርቅሮ ያንን ጣቱን ያሻል፣ አፈሩ ውስጥ የከተተውን። ጣቱ እውነቱን ነግሮት ነበር፤ የልጁን ቁጥር ብሎ እንቢ አለው። ከሴቶቹ ዳር ደግሞ እትዬ ሥራነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ይጁቤ መንገድ ያያሉ። የዛሬ ሳምንት ያለምወርቅ አጠገባቸው ነበረች።

ብናገር ያለም አትመለስ፣ አለች በልቧ። ዝም ካልኩ ግን ጤፉም አይዘራ።

መዝገቡን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ተነሣች። እናቷ ቀሚሷን ያዘቻት። «ቁጭ በይ! ምን ሆነሻል?»

«ልቀቂኝ፣ እማዬ።»

በሕዝቡ መሃል አልፋ ታረቀኝ አጠገብ ቆመች። መዝገቡን በግንቦት ገጽ ላይ ገለጠችው።

«ይሄ ሃያ አራት የአንድ ቀን አይደለም» አለች፣ ድምጿ በጭንቅ እስኪሰማ አንሶ። «የአራት ቀን ነው። ዜሮዎቹንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ ታረቀኝ አያውቁም።»

አባቷ ቀና አለ። ጣቱን ማሸት አቆመ።

የቆሙት ሰዎች በቆሙበት ቀሩ። ከዳር ያሉት እትዬ ሥራነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አንሥተው ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ። «ምን አለች? አልሰማኋትም» አሉ።

እየሩስ ሰማቻቸው። ወደ እሳቸው ዞረች፣ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፣ ድምጿንም ከፍ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።