ሦስት መቶ አርባኛዋ ፎቶ

ልብስ ሰፊዋ የተገኘችው ስፌት መኪናዋ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነው። ዘወትር አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጠብቋል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገብታ ያገኘቻት ታናሽ እህቷ ነበረች። ጩኸቷን ሰምተው ቀድመው የደረሱት ደግሞ ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ናቸው።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ችኮዋ» የሚሏት መርማሪ ስትገባ፣ ዓይኗ ከአስከሬኑ ቀድሞ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከሟቿ ወንበር ጀርባ ያለው ግድግዳ በትንንሽ ፎቶዎች ተሞልቷል። ሁሉም ላይ ያለችው እሷው ናት፤ ወንበሩም ያው፣ ግራጫው ሽርጥም ያው። በየፎቶው ግርጌ በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል። የመጨረሻው 340 ይላል።

እህቲቱ እያለቀሰች አስረዳች። ሟቿ በየቀኑ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው መደርደሪያ ላይ ባስቀመጠችው ካሜራ ራሷን ታነሳለች። ካሜራው ፎቶውን እዚያው አትሞ የሚያወጣ ነው። ቁጥሩን ጽፋ፣ በስፒል ሰክታ፣ ከዚያ ነው ሥራ የምትጀምረው። የተበላሸውን ቁጥር ሳትጽፍበት ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች።

«ምን ሊያደርግላት?» አለች መርማሪዋ።

«ዓመት ልሙላ ብላ ነው። በዚህ ቤት የሚያየኝ ሰው የለም፣ እስቲ እኔው ራሴን ልየው ትለኝ ነበር።»

የሐሙስ ተራ የሆነችው 340ኛዋ ፎቶ እህቲቱ ላይ ገመድ ሆነችባት። ሟቿ ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ፎቶ ከተነሳች በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲወጣ አዋላጇ በመስኮት አይተውታል፣ እስኪጠራ ድረስም ከመሪው አልተለየም። ሐኪሙ ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ከማለት ሌላ ሊያጠብበት አልቻለም። ከባልየው በቀር ቁልፍ ያላት እህት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ በእናታቸው ስፌት መኪና ተጣልታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሟቿን አላናገረቻትም። የዚያን ቀን የመጣችው ለመታረቅ እንደነበር ማን ይመስክርላት?

አለቃዋ በስልክ እህቲቱን ይዘሽ ነይ አላት። መርማሪዋ ግድግዳውን ሳልጨርስ አልመጣም ብላ ዘጋችው።

ባልየውን ጓዳ ውስጥ አነጋገረችው። ሲወጣ ሚስቱ ተኝታ እንደነበር ነገራት። ስለ ፎቶዎቹ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

«ያው አንድ ፊት አይደል? አንዱን ካዩ ሁሉንም አዩ።»

መርማሪዋ በርጩማ ስባ፣ አጉሊ መነጽሯን ይዛ፣ ከአንድ ቁጥር ጀመረች። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ለጓደኛው፣ ችኮዋ ዛሬ ዘመድ ቆጠራ ላይ ናት አለው። ሰምታዋለች፤ ግን ቀና አላለችም።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እናቴ፣ ይህን የለበሱትን ሰማያዊ ቀሚስ መቼ ተረከቡ?» አለች ወደ አዋላጇ ዞራ።

«ትናንት፣ ረቡዕ ከሰዓት ነዋ። ጨርሳ በእጇ ሰጠችኝ።»

«የሐሙሷ ፎቶ ላይ ግን ቀሚሱ አንድ እጅጌ ጎድሎት መኪናው ላይ ተቀምጧል።»

«ሰማያዊ ጨርቅ ሞልቷል» አለ ባልየው።

«እሺ፣ ጨርቁን እንተወው። ፎቶ ባነሳች ቁጥር የቀደሙት ሁሉ ከጀርባዋ ይታያሉ። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ አሥራ አንድ፣ ሠላሳኛዋ ላይ ሃያ ዘጠኝ። አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈችም። በየመስመሩ አሥር አሥር ነው የሰካችው። የረቡዕዋ 339 ላይ የመጨረሻው መስመር ስምንት ፎቶ አለው፤ ልክ ነው። 340 ላይ ዘጠኝ መሆን ነበረበት። እዚህም ስምንት ነው።»

እህቲቱ ቀና አለች። «ይቺም ፎቶ የተነሳችው ረቡዕ ነው ማለት ነው?»

«አዎ። ዓይኗን ጨፈን ስላደረገች ቆርቆሮ ውስጥ ጣለቻት። ገዳዩ ከላይ አግኝቶ፣ 340 ብሎ ጽፎ ሰካት። አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች ለማሰኘት። አንቺ ብትሆኚ በገዛ እጅሽ ራስሽ ላይ ማስረጃ ትሰኪያለሽ? እኚህን እናትም ምንም አይጠቅማቸውም። ይቺ ፎቶ የምትጠቅመው ከአንድ ሰዓት በፊት የወጣውን ሰው ብቻ ነው።»



«ጎህ ሲቀድ ተነስታ ዕቃዋን ስትሸክፍ ደረስኩባት» አለ ባልየው። «ሃያ አምስት ቀን ቀርቶሃል አለችኝ። ለምኑ ነው የቀረኝ ብላት፣ ምን እየሠራሽ ነው ብለህ አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ዓመት ሰጥቼህ ነበር፣ ሲሞላ ስፌት መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ አለች።»

«አልጠየቅካትም።»

«ፎቶ ነው ብዬ።»

«ከዚህ ሁሉ አንዷን ልብ ብለህ አይተህ ቢሆን» አለች መርማሪዋ፣ «ዛሬ አትያዝም ነበር። እሷም አትሞትም ነበር።»

እህቲቱ ተነስታ 340ን ከግድግዳው ነቀለቻት። ቁጥሩን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አጠፋችና ፎቶዋን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰቻት። ስፒሉን ግን እዚያው ተወችው።

ባልየውን እጁን አስረው በግድግዳው ሥር አሳለፉት። ያን ጊዜም ዞር ብሎ አላየውም።