የመንገድ ጸሎት

ፋና «ለመንገዴ ጸልዩልኝ» ስትል ሁሉም አሜን አሉ፤ ወዴት እንደምትሄድ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጸሎቱን የመራችው እየሩስ ነበረች። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ፣ «ጌታ ሆይ፣ መንገዷን አቅናላት፣ ፊት ፊቷ ሂድ» አለች። አምሮላትም ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኤርካሎ እንኳ ከሥር ቀስ እያለ አጅቧታል።

በታዳጊዎች ኅብረት የመንገድ ጸሎት ብርቅ አይደለም። አንዱ ሐዋሳ አጎቱ ጋ ይሄዳል፤ አንዷ ቦምቤ ለሠርግ ትሄዳለች። ይጸለያል፣ ይዘመራል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

እየሩስ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ የገባት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። ወንበር ስትደራርብ ፋና መጣችና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቀበለቻት። ጥቁሩ የትምህርት ቤት ጫማ ነበር፤ እየሩስ ሲጠብባት ለእሷ የሰጠቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለታናሽሽ ይሆናታል። እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»

«እንዴ! ሰኞ በምን ልትመጪ ነው? በሸበጥ?»

«ሰኞማ አዲስ አበባ ነኝ።»

እየሩስ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። ፋናን ከገሱባ ያመጣቻት የእናቷ የአክስት ልጅ ትርፌ ናት። «ሶዶ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብላ ነበር። ትርፌ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት፤ ፋና እዚያ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሰሃን ታጥባለች፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ትተኛለች። ከገና ወዲህ ክፍል የምትመጣው ሲፈቀድላት ብቻ ነው፤ ስትመጣም ዴስኩ ላይ ተደፍታ ታንቀላፋለች።

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

«አክስቴ የምታውቃት ሴትዮ አለች። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ። ሰው ቤት ሥራ ነው፤ ማታ ማታ ያስተምሩሻል ብላኛለች።»

«አክስትሽም አስተምራታለሁ ብላ እኮ ነው ያመጣችሽ።»

ፋና የፌስታሉን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ስደርስ እንደውልላታለን ብለዋል። አሁን ከሰማች ታለቅሳለች አሉ።»

«ፋና፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

ቶሎ ነው ያለችው፣ እንደ ተሸመደደ ነገር። ፋና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ያውም ገና መሙላቷ።

«እንደዚያ በይ ብለውኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስሜንም ሜሮን ብለውታል። ለማንም እንዳትናገሪ፣ በናትሽ። ማዪልኝ።»

«እኔ አልምልም፤ አማኝ ነኝ።»

«ኧረ ሂጂ! ባለፈው የኤርካሎን እስክሪብቶ አልወሰድኩም ብለሽ ስትምዪ ሰምቼሻለሁ።»

«ወስዳዋለች እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ። ኤርካሎ የኪቦርዱን ገመድ እየጠቀለለ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ብቅ አለ። ሁሉንም ሰምቷል። «እና... እንጸልይበታ» አለ።

«ጸለይን እኮ!» አለች እየሩስ። «አሁን አይደል እንዴ የጸለይነው? በደንብ አድርገን ሸኘናት!»

«ለሽማግሌዎች እንንገራቸው ታዲያ። ነገ ከአምልኮ በኋላ።»

«ነገ አምልኮ ሳይጀመር እሷ ሄዳለች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማንን ነው? ‹እህት ትርፌ፣ እውነት ነው እንዴ?› ነው የሚሉት።»

እህት ትርፌ ኳየር ውስጥ ናት፤ ማንም በክፉ አያነሳትም።

«ስልክህን ስጠኝ» አለች እየሩስ።

አምና ወይዘሮ ፈጠነች የምትባል ሠራተኛ ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወደ ትምህርት ቤታቸው መጥታ ነበር። ስልኳን በሴቶቹ ሽንት ቤት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በቀይ ቀለም አስጽፋ ሄደች። «ሌላ ቦታ ከሆነ ሰው እያያችሁ አታነቡትም» ነበር ያለችው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ግን እዚያ የገባች ሁሉ ማንበቧ አልቀረም፤ ብዙም ሳይቆይ ላስቲክ ወጥረው ሱዚ ሲዘሉ የሚቆጥሩበት ዜማ ሆነ።

እየሩስ በዜማው ጀመረች። «ዜሮ ዘጠኝ፣ አስራ ስድስት፣ ሰባት...» ቆመች። ደግማ ጀመረች፤ እዚያው ላይ ደግሞ ቆመች። መዝለል አትችልም ነበር፤ ሁልጊዜ ላስቲክ ያዥ ናት።

ኤርካሎ «የሽንት ቤት በር ላይ ያለ ቁጥር ነው የምትደውዪው?» አለ።

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።»

ፋና መሬት መሬቱን ታያለች። በሱዚ ከእሷ የሚያልፍ አልነበረም፤ ላስቲኩ ትከሻ ላይ ደርሶ እንኳ ትዘላለች።

ከዚያ፣ በጣም በቀስታ፣ የቀሩትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ተናገረች።

ወይዘሮ ፈጠነች ስታነሳ ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል፣ ውኃ ይንቧቧል። እየሩስ ነገሩን አሳጥራ ነገረቻት። አልተቆጣችም፣ «ወይኔ»ም አላለችም። «አጠገብሽ ናት? ፈቃደኛ ከሆነች ስጫት» አለች።

ፋና ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ሳሮ» የሚል ሰላምታ ተሰማና በወላይትኛ ማውራት ጀመሩ። ፋና መጀመሪያ አዎ፣ አይ ብቻ ትል ነበር። በኋላ ረጅም ነገር ተናገረች። በመጨረሻ የእናቷን ስምና ስልክ ነገረቻት።

ስልኩ ወደ እየሩስ ተመለሰ። «ስሚ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር አያልቅም» አለች ወይዘሮ ፈጠነች። «አልዋሽሽም፣ ብዙ ጣጣ አለው። ነገ ግን አውቶቡስ አትሳፈርም። ለእናቷ እኔ እደውላለሁ፤ የምታድርበትም ቦታ አለ። ወደ ቤት እንዳትመለስ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። አብረሻት ነይ።»

ስልኩ ሳይዘጋ ከግቢው የትርፌ ድምፅ መጣ። የኳየር ልምምድ አልቋል ማለት ነው።

«ፋና! አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ! ሽንኩርቱን ማን ይላጥልሽ?»

ቁጣ አልነበረውም፤ የየቀኑ ድምፅዋ ነው። ፋና ግን እግሯ በራሱ ወደ ዋናው በር ተነቃነቀ። ከዚያ ቆመች።

«ልብሴስ?»

«በኋላ ይመጣል» አለች እየሩስ። ተንበርክካ ጫማውን ከፌስታሉ አወጣች። «እግርሽን ስጪኝ።»

«ራሴ አስራለሁ።»

እየሩስ ግን አንዱን አሰረች፣ ፋና ሌላውን።

ኤርካሎ የጠቀለለውን ገመድ አየ። ተነፈሰ። መልሶ ፈታው፣ ሰካው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጫወት ጀመረ።

«ገና አልጨረሳችሁም እንዴ?» አለች ትርፌ ከውጭ።

«አንድ መዝሙር ቀርቶናል፣ እህት ትርፌ!»

የኋላው በር የሚከፈተው ወደ ጠባቡ መንገድ ነው። እየሩስ ቀድማ ወጣችና ግራ ቀኙን አየች። ፋና ተከተለቻት፤ ሸበጧን ወንበሮቹ ሥር ትታዋለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች፣ እጀታውን ያዘች፣ እንዳይንቋቋ ቀስ ብላ በሩን ዘጋችው።