በኮሶዬ ቁልቁለት የጮኸው ፍሬን

እኔ ሰው ስለ ዛርና ስለ ጋኔን ማውራት ሲጀምር ተነስቼ ድስቴን ላማስል የምሄድ ሴት ነኝ፣ እመኑኝ፣ በጨለማ ጉቶ አይቶ ሽማግሌ ቆሞ ነበር የሚለውን ሁሉ ስቄበት ነው ያረጀሁት፣ የልጅ ልጆቼም ይህን ስለሚያውቁ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያወሩት እኔ ከቤት ስወጣ ጠብቀው ነው። አሁን ይህንን የምጽፈው ሐሳቤን ቀይሬ አይደለም። አንድ ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ እስከ ዛሬ ስላልታወቀ ነው፣ እኔ ደግሞ የሠራ ሰው ስሙ ሳይነሳ ሲቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ነገሩም የሆነው በሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ በቀን ነው፣ ገበያ ቆሞ ሰው ሁሉ ነቅቶ ባለበት ሰዓት።

ቤቴ ኮሶዬ ነው፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት አንዱን ቁልቁለት ጨርሶ ከሚታጠፍበት ላይ። ለመንገደኛ ሽሮና ቅቅል ድንች እሸጣለሁ። ከቤቴ ዝቅ ብሎ ገበያው አለ፣ ሴቶቹ ድንቻቸውንና ነጭ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው እስከ አስፋልቱ ጥግ ድረስ ይቀመጣሉ፣ ተነሱ ቢሏቸው አይነሱም። በዚያ ቁልቁለት ማኪና ሲወርድ ስሰማ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፣ ሚኒባሱን ከአውቶብሱ፣ ባዶውን ከጫነው፣ ባለተሳቢውን ከሌላው ሳልወጣ በጆሮዬ እለያለሁ።

ከሁሉም የምጣላው ከባለተሳቢዎቹ ጋር ነበር። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ይረግጣሉ፣ ማኪናው ድርርርር እያለ ያጉረመርማል፣ ቆርቆሮዬ ይንቀጠቀጣል፣ በስንት መከራ ያስተኛሁት ሕፃን የልጅ ልጄ ይነሳል። አንድ ቀን አያ ታከለ የሚባለው ሹፌር ሽሮ ሊበላ ቁጭ ሲል ያዝኩት።

«አያ ታከለ፣ ምነው እኔ ቤት ስትደርስ ብቻ ታስጮኸዋለህ? ጎንደር ከተማ ገብተህ አስጩኸዋ!»

ሳቀብኝ። «ትጓደድ፣ ጩኸቱን ያልሰማሽ ቀን ነው ሕፃኑን ይዘሽ መሮጥ» አለኝ። ከዚያ ሁለት የክብሪት ቀፎ አምጪ አለና ጠረጴዛው ላይ አስከትሎ አስቀመጣቸው። «ይህቺ ማኪናዋ፣ ይህቺ ተሳቢዋ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ ከወረድኩ ፍሬኑ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ኋላ ብረግጠው ባዶ ነው። ስለዚህ ገና ከላይ ማርሽ ቀንሼ በግራ እግሬ የሞተር ፍሬኑን እረግጣለሁ። እሱ የጭሱን መውጫ ይዘጋል፣ ሞተሩ ሲታፈን ማኪናዋን ራሱ ይይዛታል። ድርርር የሚልብሽ እሱ ነው።»

«ተሳቢዋስ?»

«ሸጋ ጠየቅሽ። የሞተር ፍሬን የሚይዘው የፊተኛዋን ነው፣ ተሳቢዋ ምንም አልሰማችም፣ ከኋላ ትገፋለች። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ግድ የለም። ዝናብና ጉም ሲሆን ግን አስቀድሞ ተሳቢዋን በራሷ ፍሬን ጥቂት ያዝ ማድረግ ነው። አለዚያ እንዲህ ትሆናለች» አለና የኋለኛውን ቀፎ በጣቱ ገፋው፣ ሁለቱ ተጣጥፈው ከጠረጴዛው ወደቁ።

ከዚያ በኋላ መጣላቴን አልተውኩም፣ ነገር ግን እያወቅሁ ነው የምጣላው። እሱም ደጄ ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ፣ ለቀቅ ያዝ አድርጎ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር ያስጮኸዋል፣ ሰላምታው ነው፣ እኔም ከበር ላይ ሆኜ «ቆርቆሮዬን ልታወርደው ነው!» እለዋለሁ። ሌላ ሹፌር እንዲህ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ግራ ጎኑን በሽታ መታውና መንዳቱ ቀረ፣ ልጁ እናኑ ከጎንደር አለፍ ብሎ ፀዳ ከሚባለው ከተማ ካለው ቤቷ ወስዳ ታስታምመዋለች ሲሉ ሰማሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ክረምት፣ በገበያ ቀን፣ ጉሙ ወርዶ ከበሬ ላይ ቆሜ አስፋልቱ አይታየኝም። የገበያው ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ከላይ ማኪና ሲመጣ ሰማሁ፣ ባለተሳቢ ነው፣ ጭነት አለው፣ ነገር ግን አያጉረመርምም። ማንኪያዬን ይዤ ቆምኩ። ድምፁ እየቀረበ ነው፣ እየፈጠነም ነው፣ ማጉረምረም ግን የለም። ቀጥሎ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ፣ ከማኪናው ቀድሞ በጉሙ ውስጥ ደረሰኝ። ወዲያው ጥሩምባው ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር።

ወጥቼ «ተነሱ! ከመንገዱ ተነሱ!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ «ደሞ ዛሬ ከማን ጋር ተጣሉ?» ስትል ሰማኋት። ይሄው ነው እንግዲህ፣ ሁልጊዜ የሚጮህ ሰው ማን ይሰማዋል?

ያን ጊዜ ነው የሆነው። መጀመሪያ ፍስስስ የሚል ተሰማ፣ የተሳቢ ፍሬን ሲያዝ የሚያሰማው ነው። ትንሽ ቆይቶ ድርርርርር! ቆርቆሮዬ ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንኳኩ። ማኪናው ከጉሙ ውስጥ ወጣ፣ አንድ ሰው አንገቱን ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትተው ይመስል እየከበደው፣ እየዘገየ፣ ደጄ ላይ ሲደርስ ድርር፣ ድርር፣ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር አለ። «አያ ታከለ!» አልኩ ሳላስበው። ማኪናው ሴቶቹ ፊት ለፊት ቆመ። መንገድ ዳር ታስራ የነበረችውን የአያ ስማቸውን በቅሎ ግን መታት፣ ሞተች። ከሰው ማንም አልተነካም።

ከጋቢናው የወረደው አያ ታከለ አይደለም። ሙሉቀን የሚባል፣ ያን ማኪና ገና መያዙ የሆነ ሹፌር ነው፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ባለማኪናው ከጎንደር መጣ፣ መካኒክም ይዞ። ሰው ስላልሞተ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ተባለና ሽማግሌዎቹ ገበያው ዳር ካለው ዛፍ ስር ተቀመጡ። ባለማኪናው ንግግር ያውቃል። «ይህ ልጅ ቁልቁለቱን በእግር ፍሬን ብቻ ወርዶ ፍሬኔን አቃጠለው። የሞተር ፍሬን ቢጠቀም ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በቅሎዋም ማኪናዬም በሱ ላይ ነው፣ ከኔ ዘንድም ሥራ የለውም፣ ሌላም ቦታ እንዳይቀጥሩት እናገራለሁ» አለ። ሙሉቀን የልጆች አባት ነው፣ ፊቱ አመድ መስሎ «ረግጫለሁ፣ በመጀመሪያ እምቢ አለኝ፣ ደግሜ ስረግጠው ያዘ» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። የገበያ ሴቶቹን ጠየቋቸው፣ እኛ የሰማነው የእማማ ትጓደድን ጩኸት ነው አሉ።

ሳልጠራ ሄድኩ። አንዱ ሽማግሌ «አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ። «ምስክር! እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ ያልሰማችሁትን ልትፈርዱ፣ እኔ የሰማሁት ዝም ልበል?» አልኩት። በመድኃኔዓለም ምዬ የሞተር ፍሬኑን ሰምቻለሁ አልኩ። እንዴት ነበር ድምፁ ቢሉኝ በአፌ አጉረመረምኩላቸው፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ ሳቀ፣ በቅሎው የሞተችበት አያ ስማቸው ሳይቀር። «ደጄ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር አደረገው» ብዬ ጨረስኩ።

ሙሉቀን ቀና አለ። «እማማ፣ እሱን እንኳ እኔ አላደረግሁም። አንዴ ከያዘ በኋላ እስኪቆም ድረስ እግሬን አላነሳሁም» አለኝ።



መካኒኩን ከማኪናው ስር ጠሩትና የሞተር ፍሬኑ ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የቱ የሞተር ፍሬን?» አለ። «ይህ ማኪና የለውም እኮ። ተነቅሎ በቦታው ቧንቧ ተበይዶበታል፣ ብየዳውም ዝጓል፣ የቆየ ነው። ጋቢና ውስጥ መርገጫው ብቻ ቀርቷል፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም።»

ባለማኪናው «ተበላሽቶ ነው ያስነቀልኩት፣ ስንት ማኪና ያለሱ ይሄዳል» ብሎ አጉተመተመ።

«ለዚህ ልጅ ነግረኸዋል?» አልኩት።

ፊቱን አዙሮ ማኪናውን ማየት ጀመረ።

«እንግዲያ አንተ ራስህ የነቀልከውን ፍሬን አልረገጥክም ብለህ ነው ሰው የምትከሰው? ምነው፣ አታፍርም?»

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። በቅሎዋም ማኪናውም በባለቤቱ ላይ ሆነ፣ ሙሉቀንም ነፃ ወጣ፣ ስሙም እንዳይጠፋ ባለማኪናው በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባ። እኔ ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል አያ ስማቸው ያዘኝ።

«ትጓደድ፣ ፍርዱ ሸጋ ነው፣ የኔም እንባ ታብሷል። ግን በመድኃኔዓለም ምለሽ ሰማሁ ያልሽው የሌለ ነገር ነው።»

«ሰምቻለሁ!»

«ምኑን?»

ምን ልበለው? ዕድሜዬን ሙሉ በሐሰት ምዬ አላውቅም፣ አሁን ሰው ለሙሉቀን አዝና ነው የማለችው ይለኛል። መካኒኩን ለብቻው ወስጄ ጠየቅሁት። «የእግር ፍሬኑ ነዷል፣ የተሳቢዋ ፍሬን ብቻውን የጫነውን ያን ሁሉ ገብስ አያቆምም፣ መንገዱም እርጥብ ነበር። እማማ፣ እንዴት እንደቆመ አላውቅም» አለኝ። ሴቶቹ ሙሉቀንን እየከበቡ ሲመርቁት «እኔ አይደለሁም፣ እኔን አታመስግኑኝ» ይላል። እኔ አይደለሁም ካለ ማን ነው?

ይህ ነገር አላስቀምጠኝ ሲል ድንች በከረጢት ይዤ ወደ ፀዳ ወረድኩ፣ ለምን እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚኒባስ ረዳቱ እንኳ የታመመ ልጠይቅ ነው ያልኩት። እናኑ በሩን ከፈተችልኝ። አያ ታከለ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ነው፣ ግማሽ ፊቱ ወርዷል፣ ምላሱም ከብዷል። እንዴት ዋልክ ብዬ ገና ሳልቀመጥ አየኝና፣ ቃሉን እየጎተተ እንዲህ አለኝ፦

«ተሳቢዋ አልታጠፈችም አይደል?»

ድንቹን አስቀመጥኩ። «የቷ ተሳቢ?» አልኩት።

በደህናው ጎኑ ፈገግ አለ። «ጉም ነበር» አለ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እናኑ ሳቅ አለች። «አባባን ይተዉዋቸው እማማ፣ ሲያንቀላፉ ይነዳሉ፣ ከጎናቸው የተቀመጥኩ ረዳት ይመስል ማርሽ ቀነስኩ ይሉኛል።» በዚያ ገበያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቅኋት። አሰበች፣ አሰበች፣ ቀኑን አላስታውስም አለችኝ። እኔ ደግሞ ያልታወሰውን አስታውሺ ብዬ ላስገድዳት አልችልም፣ ምስክርነት እንዲያ አይሆንም።

ግራ እግሩን አየሁት። ካልሲ አልብሳዋለች፣ አይንቀሳቀስም፣ ከታመመ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተንቀሳቅሶ አያውቅም አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ካልሲውን አስተካክላለሁ በሚል እግሩን ቀስ አድርጌ አነሳሁት። ምንጣፉ አዲስ ነው፣ ተረከዙ ካረፈበት ቦታ ላይ ግን ክብ ሆኖ ተፍቆ አልቋል፣ ከስሩ ሲሚንቶው ይታያል።

«አይጥ ነው» አለችኝ እናኑ።

እሺ፣ አይጥ ይሁን። ሴቶቹ ለሙሉቀን የሰጡትን ምስጋና እኔ ለእሱም መስጠት ነበረብኝ፣ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል አይሆንልኝም። «ስለ ሴቶቹ እግዜር ይስጥህ» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ተኝቶ ይሁን እያዳመጠ አላወቅሁም።

አያ ስማቸው አሁንም ሲያገኘኝ «ምኑን ሰማሽ?» ይለኛል፣ እኔም «የሰማሁትን» እለዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ሥራዬን ትቼ በር ላይ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ከቁልቁለቱ አናት መጀመሪያ ፍስስ፣ ቀጥሎ ድርርርር ሲል ሰማሁ፣ ቆርቆሮዬም ተንቀጠቀጠ። መብራቱን ለማየት ዓይኔን ተከልኩ፣ ድምፁ ወረደ፣ ቀረበ፣ ደጄ ላይ ደረሰ። አስፋልቱ ባዶ ነው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ እንደ ድሮው «ቆርቆሮዬን ልታወርደው ነው!» ብዬ ወደ ጉሙ ጮህኩ፣ ድምፁም ፀጥ አለ፣ እኔም እነዚያን ሁለት አጭር ድምፆች እየጠበቅሁ ሽሮዬ እስኪያር ድረስ ቆሜ ቀረሁ።